በረዶው ሳይመጣ የመኪናችሁን ቀለም ስለመጠበቅ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰን ነው። «ብርዱ እየገባ ነው፤ ለመኪናዬ ቀለም የቱን ዋክስ ልግዛ?» የምትሉን አብዛኞቻችሁ መኪና በራሳችሁ እጅ ተንከባክባችሁ አታውቁም። ስለዚህ ሰብሰብ አድርገን ልንጽፍላችሁ ወደድን። መልሳችንን እናስቀድመው፦ ቀለሙን ከምትገዙት ዕቃ ይልቅ አስተጣጠባችሁ ነው የሚያድነው። ዋክሱ፣ ማለትም ቀለሙን እንዲጠብቅ ከላይ የሚቀባው ነገር፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በረዶው ራሱ ቀለም አይበላም። ችግሩ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውና አብሮት ያለው አሸዋ ነው። ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ጥርት ያለ ሽፋን አለ። የመኪናው ውበትም መከታም እሱ ነው፤ ውፍረቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው። የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሃያኛ ቢሆን ነው። ጨው ያልተጎዳ ክሊርን ቶሎ አይበሳም። ጠጠር የፈነቀለውን ቦታ ካገኘ ግን ቀጥታ ላሜራው ጋ ይደርሳል። ጨዋማ ውሃ ዝገትን ያፋጥናል። ዝገቱም በቀለሙ ስር ለስር ይሄዳል፤ ከላይ አብጦ ስታዩት ውስጡ ብዙ ርቋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መኪናውን በቀን ብርሃን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። የኮፈኑን የፊት ጠርዝ፣ ከጎማ ኋላ ያለውን ቦታ፣ የበሮቹን የታች ጫፍ በደንብ ፈትሹ። የተፈነቀለ ነጥብ ካለ አጽዱት፣ አድርቁት፣ በመኪናው የቀለም ኮድ በተቀመመ ቀለም በትንሽ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉት። አንዴ ከማወፈር በስሱ ደጋግሞ መቀባት ይሻላል። ኮዱ ብዙ ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ምልክት ላይ ይገኛል።

አሁን ወደ እጥበቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ጭረት የሚመጣው በእጥበት ጊዜ ነውና። መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። አሸዋው ሳይወርድ በጨርቅ ካሻችሁት ክሊሩን በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። ከዚያ ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፤ በአንዱ የመኪና ሻምፖ፣ በሌላው ንጹህ ውሃ። ጨርቁን ሻምፖው ውስጥ ነክራችሁ አንድ በር ታጥባላችሁ፣ ጨርቁን በንጹሁ ውሃ ታለቀልቁታላችሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ሻምፖው የምትመለሱት። ስትጨርሱ የንጹሁን ውሃ ባልዲ ወለል ተመልከቱ። እዚያ የተኛው ደለል ሁሉ ቀለሙ ላይ ሊመላለስ የነበረ ነው። ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ቆሻሻው የሚበዛው ከታች ነው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ መኪናው ላይ አይመለስ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ይቅር፤ የተቀባውን ዋክስ ይገፋል።

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፈኑን ዳሰስ አድርጉት። ሻከር ካለ ውሃ የማያወርደው ነገር ተጣብቆበታል ማለት ነው። ለዚህ ክሌይ የሚባል እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ማጽጃ አለ። ማለስለሻ ፈሳሽ እየረጫችሁ፣ ሳትጫኑ አንሸራቱት። በደረቁ አይሞከርም።

ዋክሱ ላይ አጭር ምክር አለን። የተፈጥሮ ሰም ያምራል፤ ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንታት አያልፍም። ሰው ሠራሹ ሲላንት ለወራት ይቆያል፣ ስለዚህ ለጀማሪ እሱን እንመርጣለን። ሴራሚክ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ከሁለቱም ይዘልቃል፤ ነገር ግን ስር ያለውን ጭረት ጭምር አሽጎ ስለሚያስቀር ለመጀመሪያ ልምምድ አንመክረውም። ሲላንቱን ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቀን፣ ጥላ ስር፣ ደረቅ ቀለም ላይ ቀቡ። በጣም ስስ ይሁን! ማብዛት ጥበቃ አይጨምርም፤ መወልወሉን ብቻ ያከብዳል። ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በጣት ጫፍ ሰረዝ አድርጉበት፤ መስመሩ ጥርት ካለ ማይክሮፋይበር በሚባል ለስላሳ ንጹህ ጨርቅ ወልውሉት። ከዚያ ዕቃው ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪሞላ ውሃ እንዳይነካው።

በረዶው ከገባ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ መዘናጋት ግን አይወድም። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ጨው በበዛበት ሰሞን ደግሞ በየሳምንቱ፣ ከዜሮ በላይ የሆነ ቀን መርጣችሁ እጠቡት። ከስሩና ከፓራፋንጎው ውስጥ ጨው ይጠራቀማልና ውሃ በደንብ ልቀቁበት። የበሮቹን ላስቲክ ማድረቅም አትርሱ፤ ካልደረቀ በሩ በረዶ ሆኖ ይጣበቃል። መኪናውን የሞቀ ጋራዥ ውስጥ የምታሳድሩ ከሆነ ጨዉን ሳታወርዱ አታስገቡት፤ ሙቀት ዝገትን ያፈጥናል። በብሩሽ የሚያጥብ ማሽንም ከፊታችሁ የነበረውን መኪና አሸዋ ይዞ ሊጠብቃችሁ ስለሚችል፣ በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥበውን ምረጡ።

ጠዋት በረዶ ተከምሮበት ስታገኙት የመስታወት መፋቂያው ለመስታወት ብቻ ይሁን። ከቀለሙ ላይ በለስላሳ የስፖንጅ መጥረጊያ የላይ የላዩን ግፉት፤ የመጨረሻዋን ስስ ንብርብር ተዉአት፣ ራሷ ትቀልጣለች። ሙቅ ውሃ ደግሞ በፍጹም አታፍስሱ፤ መስታወት ሊሰነጥቅ ይችላል።

ቀለሙ የሆነ ቦታ ላይ አብጦ ካያችሁ በጥፍር አትፈንቅሉት። እንዳለ ይዛችሁ ኑ፤ ምን ያህል እንደገባ አብረን እናየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና እንክብካቤ ባልደረቦቻችሁ