ልጄ፣ ስለ መኪና ፍጥነት የነገርኩሽን ላርመው

ጅማ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አልሐምዱሊላህ፣ እኔም እናትሽም ደህና ነን፤ ቡናው ስለ ደረሰ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በልጅነትሽ የነገርኩሽን አንድ ነገር ለማረም ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሽ ጋራዡ ውስጥ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠሽ «አባዬ፣ መኪና የሚፈጥነው በምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ሳላመነታ «በሞተሩ ትልቅነት ነዋ!» አልኩሽ። መልሴ ግማሽ እንደ ነበረ ትናንት እሁድ ጠዋት ገባኝ።

ከአሜሪካ የተመለሰ አንድ ደንበኛዬ የፍሬን ሸራ ሊያስቀይር ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አምጥቶልኝ ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈው ይህች መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ የደንበኛዬም ከዚያው ከመጀመሪያው ትውልድ ናት። ኮፈኗን በአንድ እጄ ሳነሳው ክብደቱ አልተሰማኝም፤ አሉሚኒየም ነው። ከሥሩ ያገኘሁት ባለ አራት ፒስተን፣ 1.6 ሊትር ሞተር ጉልበቱ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር አለኝ። ባትሪውን ፈልጌ ያጣሁት ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት እንዳያዘነብል ሲሉ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ስላስቀመጡት ነው።

ሸራውን ቀይሬ ስጨርስ ፍሬኑን መንገድ ላይ መሞከር ስለነበረብኝ፣ ባለቤቱን አጠገቤ አስቀምጬ ገና ባጃጆቹ ሳይበዙ ወደ አጋሮ መውጫ ነዳኋት። መቀመጫዋ ከመሬት በጣም ስለሚቀርብ፣ ከአንድ አይሱዙ ጎን ስንደርስ ዓይኔ ከጎማው ጋር ትክክል ሆነ፤ ያን ጊዜ መፍራቴን አልደብቅሽም። ከከተማው ወጥተን ጠመዝማዛው መንገድ ሲጀምር ግን ፍርሃቱን ረሳሁት። ማርሹ ከእጅ አንጓ እንቅስቃሴ በላይ አይጠይቅም። የመሪ ኃይል ማገዣ የሌላት ዓይነት በመሆኗም የአስፋልቱ ሻካራነት፣ ስንጥቁም፣ ጠጠሩም በመሪው በኩል መዳፌ ላይ ይነበብ ነበር። የሞተሩ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚሄድ የፊቶቹ ሥራ ማዞር ብቻ ነው፤ ክብደቷም ከፊትና ከኋላ እኩል ለመሆን ጥቂት ስለሚቀረው፣ ላንድክሩዘር ቢሆን ጎኑ ተዘንብሎ ዕቃው ሁሉ በሚንኳኳበት ኩርባ ላይ እርሷ ሳታወላውል ዞረች። ፍጥነታችን ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት አላለፈም፤ ደስታው ግን በሕይወቴ ከነዳሁት ሁሉ በለጠብኝ።

ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ክብደቷ ባዶዋን ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ስለሆነ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት የሚደርሰው ሸክም 8 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንቺም የምታውቂው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ላንድክሩዘር 130 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ቢኖረውም ከ2 ቶን በላይ ስለሚመዝን፣ ለእያንዳንዱ 16 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። እኛ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ስላለን አየሩ ሳስቶ፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ክብደት ግን በከፍታ አይቀንስም። ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሄድ እጥፍ ክብደት በሚቆምበት ጊዜ እጥፍ ሙቀት ይፈጥራል። በጊቤ ቁልቁለት የከባድ መኪኖችን የተቃጠለ ሸራ ሽታ ስንት ጊዜ አብረን አሽትተናል፤ እኔ ግን ያን ሽታ ከክብደት ጋር አያይዤ አላስረዳሁሽም።

ባለቤቱ እንደነገረኝ፣ የሠሯት ጃፓኖች ዓላማቸውን የገለጹት «ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል» በሚል የአገራቸው አባባል ነው። ይህ ለጅማ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነውና።

ግዛ ብትዪኝ አልገዛትም። ለጭቃ መንገዳችን ዝቅ ያለች ናት፤ እናትሽን ካሳፈርኩ ለአንድ ኬሻ ቡና እንኳ ቦታ አይተርፍም፤ ከከባድ መኪና ጋር መጋጨትንም ማሰብ ያስፈራል። ነገር ግን የመመረቂያ ሥራሽን በሞተር ላይ ልሥራ ወይስ በሻንሲ፣ ማለት በመኪናው አጽም፣ ክብደት ቅነሳ ላይ ብለሽ ስትጠይቂኝ «ሞተሩን ያዢ» ያልኩሽን ምክር ሽሬዋለሁ። አስተማሪዎችሽ ያውቃሉና እነርሱን አማክሪ፤ የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን ክብደቱን ያዢ።

ለዒድ ስትመጪ ባለቤቱ እስከ አጋሮ እንድትነጃት ፈቅዷል። የመንጃ ፈቃድሽን አትርሺ፤ ጫማሽም ሶሉ ስስ ይሁን፣ ፔዳሎቹ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው።

አባትሽ