ሃያው ሰዓት የት ገባ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አብራሪዎች ሥልጠና ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በንዴት። ደስ ያለኝ ስለ ሄሊኮፕተር የሚጽፍ ሰው በመገኘቱ ነው። ርዕሱ ስለ ሄሊኮፕተር ሆኖ ፎቶው ትልቅ የመንገደኞች ጄት መሆኑን እንኳ አይቼ እንዳላየሁ አልፌው ነበር።

ያናደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአውሮፕላን የተወሰደ የበረራ ቡድን ቅንጅት ሥልጠና፣ ሁለት አብራሪዎች ሥራ ተከፋፍለው አብረው መብረር የሚማሩበት፣ እኛ ኤምሲሲ የምንለው፣ ለሄሊኮፕተር ፈቃድም ሙሉ በሙሉ ይያዛል፣ እንደገና መማር አያስፈልግም ብላችኋል። በእናንተ አባባል አውሮፓ ሄዶ የሠለጠነ ልጅ ሰርተፊኬቱን ይዞ ከአውሮፕላኑ ይወርድና ሄሊኮፕተሩ ላይ ይወጣል። ከሚኒባስ ወርዶ ባጃጅ እንደመያዝ።

እንዲህ ቀላል ቢሆን ማን ይጠላል! ግን አይደለም።

የጠቀሳችሁት የአውሮፓን የፈቃድ ሕግ ስለሆነ በዚያው እንነጋገር። የእኛ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የራሱ መመሪያ አለው፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን። በአውሮፓው ሕግ የሄሊኮፕተር ኤምሲሲ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው 25 ሰዓት የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ተግባር ነው፤ ውጭውን ሳያዩ በመለኪያ መሣሪያዎች ብቻ እየተመሩ ለሚደረግ በረራ 20 ሰዓት፣ በዓይን እያዩ ለሚደረግ 15 ሰዓት። ከጀማሪነት እስከ ፈቃድ በአንድ ተከታታይ የሚሰጠውን የተቀናጀ ረጅም ኮርስ ለሚማር ተግባሩ በ5 ሰዓት ይቀንስለታል። እንግዲህ በአውሮፕላን ኤምሲሲ የጨረሰ ሰው ነጻ የሚሆነው ከየትኛው ነው? ከ25ቱ የክፍል ሰዓት ብቻ። ከተግባሩ አንዲት ሰዓት አትነሳለትም።

በሌላ አነጋገር የሚነሳለት ርካሹ ነው። የማይነሳለት ተግባሩ የሚሠራበት ሲሙሌተር፣ የበረራ ማስመሰያው፣ ነው። ገንዘብ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው።

ጸሐፊያችሁ ነገሩን ከየት እንዳመጣው እገምታለሁ። ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ የአየር መንገድ ካፒቴኖች ናቸው። በሁለት አብራሪ በሚበር አውሮፕላን ላይ 500 ሰዓት የበረረ ሰው፣ በሁለት አብራሪ ለሚበር ሄሊኮፕተር ታይፕ ሬቲንግ (አንድን ዓይነት ሄሊኮፕተር ለማብረር የሚሰጥ ፈቃድ) ሲያመለክት የሄሊኮፕተር ኤምሲሲ ሰርተፊኬት አይጠየቅም። ይህ እውነት ነው፤ ሕጉ ላይ አለ። ግን 500 ሰዓት ያለው ሰው ትናንት የተመረቀ ልጅ አይደለም፤ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። ለእሱም ቢሆን በሄሊኮፕተር ላይ በአዛዥነት የተበረረ 70 ሰዓት የሚለው መስፈርት አይነሳለትም። ለካፒቴኑ የተሰፋውን ኮት ለተማሪው አልብሳችሁ፣ እጅጌው ረዘመ ብለን ልንገረም ነው?

በተቃራኒው መንገድም ነጻ ነገር የለም። የሄሊኮፕተር ኤምሲሲ ያለው ሰው ወደ ትልቅ አውሮፕላን መሄድ ቢፈልግ፣ ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው በሁለት አብራሪ በሚበር ሄሊኮፕተር ከ100 ሰዓት በላይ ከበረረ ነው። ሕጉ ለማንም አላዳላም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ቢሮክራሲ ይመስል ይሆናል። ሄሊኮፕተር ውስጥ ግቡና እዩት። ቀኝ እጅህ ሳይክሊኩን፣ ሄሊኮፕተሩን ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ዘንግ፣ ይዟል። ግራ እጅህ ኮሌክቲቩ ላይ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ። ሁለቱም እግሮችህ ፔዳል ላይ ናቸው። በደንብ ትሪም የተደረገ፣ ማለትም መሪው ተስተካክሎ የተመዛዘነ አውሮፕላን እጅህን ብታነሳ ለጊዜው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ማረጋጊያ የሌለው ሄሊኮፕተር ግን ሳይክሊኩን ብትለቀው ወዲያው ይዞህ ይጠፋል። ሬዲዮውን ማን ይነካል? ቼክሊስቱን ማን ይገልጣል? ጎንህ ያለው ሰው ነው። ካፒቴኑ የሚቀመጠውም በአብዛኛው በቀኝ ነው፤ በአውሮፕላን በግራ። የሥራ ክፍፍሉ ሌላ ነው፤ ልምምዱም ሌላ ነው።

ዘገባችሁ ቅንጅት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማሳየት በስፔኗ ደሴት በቴነሪፌ የደረሰውን አደጋ በሰፊው አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከሄሊኮፕተር ዓለም ግን አንድም ምሳሌ አላነሳችሁም። እኔ ላንሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2013 ሱፐር ፑማ የሚባል አንድ ሄሊኮፕተር ስኮትላንድ፣ ሼትላንድ ውስጥ ወደ ሰምበርግ አየር ማረፊያ እየተቃረበ ነበር። አውቶፓይለቱ፣ በራሱ የሚያበረው ሥርዓት፣ የመውረጃ ፍጥነቱን ይዟል። ወደፊት የሚሄድበትን ፍጥነት ግን ካፒቴኑ ራሱ በኮሌክቲቩ ኃይል እየጨመረና እየቀነሰ መጠበቅ ነበረበት። ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። ሁለት አብራሪዎች ተቀምጠው ማንም በጊዜ አላየውም። ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ18 ሰው 4 ሞተ። መርማሪዎቹ ያገኙት ዋና ነገር መሣሪያዎቹን በሚገባ አለመከታተል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአውሮፕላን ሲሙሌተር አትለማመደውም፤ እዚያ ኮሌክቲቭ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቂም አለኝ። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ በአውሮፕላን ሠለጠንኩ፤ ኤምሲሲም ወሰድኩ። ወደ ሄሊኮፕተር ልዛወር ስል አንድ ውጭ አገር ያለ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ልክ እንደ እናንተ ሁሉም ይያዝልሃል ብሎ አስመዘገበኝ። ክፍያው ከገባ በኋላ የተግባሩ ሰዓት እንደማይያዝልኝና ለእሱ እንደገና መክፈል እንዳለብኝ ተነገረኝ። አባቴ አጋሮ አካባቢ ካለችን ቡና ላይ ስንት ፈረሱላ እንደሸጠ እሱና እግዜር ያውቃሉ። ያኔ እንኳ ብሩ የዛሬውን አልሆነም ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በዩሮ የሚከፍል ቤተሰብ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ይኸው ዘገባችሁ ወጣ። ሂርማታ ገበያ ላይ አባቴን የሚያገኘው ሁሉ «ጋሼ፣ ጋዜጣው ይያዛል ይላል፤ ልጅዎ ያንን ሁለተኛ ገንዘብ ምን አደረገው?» ይለዋል። አባቴ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ሳቁ ግን አላማረኝም። እናመሰግናለን፤ በስተርጅና መተሳሰቢያ አገኘንለት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሕጉ ምስጢር አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጧል። ፓርት ኤፍሲኤል በሚባለው የአውሮፓ የአብራሪ ፈቃድ ሕግ፣ አንቀጽ 735 ኤች ላይ የ25ቱና የ20ው ሰዓት ጉዳይ አለ። የ500 ሰዓቱ 720 ኤች ላይ ነው። ማንበብ የሚከብድ ከሆነ አንድ የሄሊኮፕተር አብራሪ መደወል ይቻላል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ኔትወርክ አላት፤ ቢያንስ ዝናብ በማይኖርበት ቀን።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። እዚህ ሰፈራችን ዘገባችሁን ይዞ ቤተሰቡን ለማሳመን የተነሳ ልጅ አለ። መመዝገቢያውን ከመክፈሉ በፊት ይድረስለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሄሊኮፕተር አብራሪ፣ ከጅማ