ገንዘቡን ከመላኬ በፊት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለልጄ ለሰይድ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ዱዓዋንም ቁጣዋንም አላቋረጠችም። የሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረገው የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ተወዳዳሪ መሆን እፈልጋለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ያገለገለ ባለ 450 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለሽያጭ አይቻለሁ ያልከው ደርሶኛል። አብሽር፣ እምቢ አላልኩም። ግን ገንዘቡን ከመላኬ በፊት የሥራውን ሒሳብ አብረን እንቁጠር።

ከላይኛው ልጀምር። በዓለም ሻምፒዮናው እሁድ ሁለት ውድድር አለ፤ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ነው፣ 2 ዙር ይጨመርበታል። እስከ 40 ሰው ከአንድ የብረት መዝጊያ ኋላ ይሰለፋል። ነጥብ የሚያገኘው እስከ 20ኛ የገባው ብቻ ነው፤ አንደኛው 25፣ ሁለተኛው 22፣ ሃያኛው 1። ከቡድን ደመወዝ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ሌላው ጎማውንም ትኬቱንም ከኪሱ ይከፍላል። ባለ 250ው ክፍል ደግሞ ዕድሜው ከ23 ያለፈን አይቀበልም፤ እዚያ የሚሰለፉት ልጆች ብዙዎቹ 50 ሲሲ ላይ የወጡት ፊደል ሳይቆጥሩ ነው። ከአፍሪካም የዓለም ዋንጫውን ያነሱ አሉ፤ ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ አልበርቲን በ1992፣ በ1993 እና በ1994፣ ግራንት ላንግስተን በ2000፣ ታይላ ራትሬይ በ2008፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። አንተ 17 ዓመትህ ነው። መጀመሪያ የአፍሪካ አገሮች ቡድኖች የሚገናኙበትን የአፍሪካ አገሮች ሞቶክሮስን አስብ፤ የኬንያ፣ የዩጋንዳና የዛምቢያ ልጆች ቀላል እንዳይመስሉህ። መካኒክነቱንም አትተው፤ እንጀራህ ከዚያ ነው የሚወጣው።

450ውን ተወው። ፎር ስትሮክ ሲሰበር ቫልቩ ፒስተኑን ይመታና ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ይዞ ይሄዳል፤ የመጠገኛው ዋጋ የሞተር ሳይክሉን ግማሽ ሊጠይቅህ ይችላል። ያገለገለ 125 ቱ ስትሮክ ፈልግ። ለውድድር ሲነዳ ፒስተኑና በዙሪያው ያለው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ከ20 ሰዓት ብዙ ሳይርቅ ይቀየራል፤ ያንን ግን ራስህ በግማሽ ቀን ትጨርሰዋለህ። ጉልበቱም ትንሽ ስለሆነ ኩርባ ላይ ፍጥነት እንዳትጥል ያስተምርሃል፤ 450 ስህተትህን በነዳጅ ይሸፍንልሃል። ሰዓት ቆጣሪ ግጠምለት፤ እዚህ ሥራ ላይ ኪሎ ሜትር አይቆጠርም። ፋብሪካው 40 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። በመስፈሪያ እንጂ በዓይን አትጨምር።

አሁን የእኛን አገር ጉዳይ ስማ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላው ያፈሳል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጋዝ ስትሰጠው ያንቃል። መፍትሔው ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በአነስተኛ ቁጥር መቀየርና የመርፌዋን ቀለበት አንድ ደረጃ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ይህን አስተካክለህ ሳትመልሰው በባቲ አድርገህ ወደ ሚሌ ብትወርድ ተቃራኒው ይመጣል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ስትወርድ የቆላውን ቀዳዳ መልስ።

ከሁሉ በላይ ሞተር የሚገድለው አቧራ ነው። በበጋ የገራዶ አቧራ ዱቄት ነው፤ በፊልትሮው ካለፈ ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስፖንጅ ፊልትሮውን ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ እጠብ። በቤንዚን አይሆንም፣ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ እጠበው። ጨምቀው እንጂ አትጠምዝዘው፣ ይቀደዳል። ጥላ ላይ ደርቆ የፊልትሮ ዘይት እኩል ይጠጣ፣ ከንፈሩ ላይ ግሪስ ቀባ። ሁለት ይኑርህ፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሠራል።

አሞርዛተሩን ለክብደትህ ካላስተካከልክ ጥሩ ነጂ አትሆንም። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተህ ከጎማው ዘንግ እስከ ጭራው ፕላስቲክ ለካ፤ ከዚያ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ተቀመጥበትና እንደገና ይለካ። ልዩነቱ 100 እስከ 105 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቀጥለህ ውረድና ሞተር ሳይክሉ በራሱ ክብደት ብቻ ስንት እንደሚወርድ እይ፤ ከ30 እስከ 40 ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ስፕሪንጉ ለአንተ ጠንካራ ነው። ብዙ ሰው ለስላሳ ነው ብሎ ይሳሳታል። አንተ ቀጭን ስለሆንክ ይህ ሳያጋጥምህ አይቀርም።

ውድድሩ ሲጀመር የ15 ሰከንድ ሰሌዳ ይታያል፣ ከዚያ የ5፤ መዝጊያው ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይወድቃል። ሁለቱንም እግር መሬት አድርግ፣ ደረትህን ወደ መሪው አቅርብ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅ። ወደ ኋላ ከተቀመጥክ የፊት ጎማው ይነሣል፣ ሠላሳ ሰው ያልፍሃል። ክንድህ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ በእጅህ ጨብጠህ ስለያዝክ ነው፤ ሞተር ሳይክሉን በሁለት ጉልበቶችህ መካከል እቀፈው።

አንዴ ክፉኛ የተመታ የራስ ቁር ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋል፤ ጣለው። ወድቀህ በአውራ ጣትህ ሥር አንጓህ ካመመህ የመጀመሪያው ቀን ራጅ ንጹሕ ቢልም አትመን፤ እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ ብዙ ጊዜ የምትታየው ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነው።

ቅዳሜ የሚሸጥ 125 ካገኘህ ሞተሩ ሳይሞቅ ቀድመህ ተገኝ፤ ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ቀዝቅዞ በቀላሉ የማይነሣ ሊሆን ይችላል። የፊልትሮውን ሳጥን ክፈትና አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ ውስጡን በጣትህ ጥረግ፤ አቧራ ከወጣ ተመለስ። የኋላውን ጎማ ወደ ላይ ሳብ፣ ቋ ካለ የማያያዣው ቦኮላ አልቋል። የሻሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይና ፎቶውን ላክልኝ። እኔ ሳላየው ዋጋ አትቁረጥ።

አባትህ፣
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ