ከልጅሽ ይልቅ ለአባባ

ይድረስ ለምወድሽ ለእኅት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ሆነን። እናቴ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ቤቱ ሆስፒታል፣ እኔም አስታማሚ ሆኜ ነው የከረምኩት። አሁን በምርኩዝ ከክፍል ወደ ክፍል ትሄዳለች፤ በዚህ ሰሞን ደግሞ ቡናውን ራሷ ቆልታ ማፍላት ጀምራለች። እኔም ተረጋግቼ ብዕር ያነሳሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ ጂም እንደ ጀመረና “አክስቴ የፕሮቲን ዱቄት ትላክልኝ” እያለ እንደሚወተውትሽ ሰፋ አድርገሽ ጽፈሻል። ከታች በአንድ መስመር ደግሞ አባባ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሱሪያቸው እየሰፋቸው መሄዱን፣ ከወንበር ለመነሳትም የሚደግፋቸው ሰው እንደሚፈልጉ አንስተሽ አልፈሻል። አንቺ ሁለት ጉዳይ አድርገሽ ብትጽፊውም ለእኔ አንድ ጉዳይ ነው። ልጅሽ የጠየቀው ነገር ለአባባ የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ማስታወቂያው ሁልጊዜ የጎረምሳ ክንድ ስለሚያሳየን ዱቄቱ የወጣት ብቻ ይመስለናል፤ አረጋውያን ከሕመም ሲነሱ ምን ያህል እንደሚደግፋቸው የሚነግረን የለም። ስለዚህ በቅድሚያ ስለ አባባ ልጻፍልሽ።

ዱቄቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አሬራው ተጥዶ አይቡ ሲረጋ የሚለየውን አጓት ታውቂዋለሽ፤ “ዌይ ፕሮቲን” የሚባለው የዚህ ዱቄት መነሻ እሱ ነው። እዚህ አሜሪካ ትልልቅ የአይብ ፋብሪካዎች አጓቱን ድሮ ወንዝ ውስጥ ይደፉት ወይም ለአሳማ ይሰጡት ነበር። በኋላ ግን ፕሮቲኑን እጅግ በረቀቀ ማጥለያ ለይቶ በሞቃት አየር ማድረቅ ተቻለና ያ ተረፈ ምርት ውድ ዕቃ ሆነ። ከወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ወደ አይቡ የሚሄደው ኬዚን ነው፤ 20 በመቶ ያህሉ በአጓቱ ውስጥ ይቀራል። በቤት የሚገኘው አጓት ግን ዱቄቱን አይተካም፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ፕሮቲን 10 ግራም እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ውኃ፣ የወተት ስኳርና ጥቂት ማዕድን ነው።

ለአረጋውያን የሚመረጥበት ምክንያት አለ። የአጓት ፕሮቲን ሊውሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ቅንጣት ነው) በብዛት አለው፤ ጡንቻን “ሥራ ጀምር” ብሎ የሚቀሰቅሰው በዋናነት ይኸው ነው። የወጣት ጡንቻ በትንሽ ፕሮቲን ይነቃል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ጡንቻው ይሰንፋል፤ ለማንቃት በአንድ ማዕድ ከ25 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። በአውሮፓ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር የተሰየመ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ምክር፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም፣ የታመመ ከሆነም ከዚያ ከፍ ያለ ፕሮቲን እንዲያገኝ ነው። አባባ 60 ኪሎ ቢሆኑ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው።

እስቲ የአባባን ውሎ አስቢው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ፣ ማታ ደግሞ “አልራበኝም” ብለው ሁለት ጉርሻ። ፕሮቲን ከተባለ ያው ምሳ ላይ ነው፤ ጠዋቱና ማታው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እነዚህን መጨመር የሚችሉ ከሆነ በእነሱ ጀምሪ፤ ዋጋቸውም ይቀላል። ዱቄቱ የሚያስፈልገው አፋቸው እምቢ ሲል ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ያውም በዕቃው ውስጥ የሚመጣው ትልቁ ማንኪያ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ይመዝንና ወደ 24 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ምግብ የዘጋው ሰው አራት እንቁላል ከሚበላ ይህን ቢጠጣ ይቀለዋል።

እናቴ ጣፋጩን የቫኒላ ዱቄት አንዴ ቀምሳ “ይህ የልጅ ከረሜላ ነው” ብላ ብርጭቆውን መለሰችልኝ። ጣዕም ያልተጨመረበትን ገዝቼ ነገሩን በአጥሚት ቀየርኩት። ብልሃቱን ላስረዳሽ። የአጃውን አጥሚት እንደ ወትሮው ሥሪው። ከእሳት አውርደሽ ጣት እስኪያስችል ድረስ አቀዝቅዢው። ዱቄቱን ለብቻው በትንሽ ቀዝቃዛ ወተት በጥብጪውና እያማሰልሽ ጨምሪው። በሚፈላው ላይ ከነሰነስሽው ወዲያው ይረጋና እንደ ተበላሸ እንቁላል ይጓጉላል፤ ምግብነቱን ባያጣም የሚውጠው ሰው አታገኚም። እርጎ ውስጥም ጥሩ ይዋሃዳል። በውኃ ወይም በወተት የሚጠጣ ከሆነ ፈሳሹን አስቀድሚ፤ ዱቄቱ ከቀደመ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ከመታሽው በኋላ አረፋው እስኪወርድ ጥቂት ታገሺ፤ አረፋውን የሚጠጣ ሰው ሆዱ ይነፋል። የተበጠበጠውን ደግሞ “ቆይተው ይጨርሱታል” ብለሽ ጠረጴዛ ላይ አትተዪው፤ ወተት ነውና ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። እናቴን ያስነሳት ዱቄቱ ብቻ አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘቻትን በየቀኑ ሠርታለች፦ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ እንደገና መነሳት። መጀመሪያ ላይ ግማሽ መንገድ ደርሳ ትመለስ ነበር፤ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ልደግፋት እጄን ስዘረጋ ባለሙያዋ በዓይኗ ትከለክለኝ ነበር። የማይሠራ ጡንቻ የሚጎርሰው ፕሮቲን ብዙም አይጠቅመውም። አባባም ሐኪማቸው ከፈቀደ ቢያንስ ግቢው ውስጥ ይመላለሱ፤ አንቺም “አይድከሙ” እያልሽ ሁሉን ነገር አታቀብያቸው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ኮንሰንትሬት የሚባለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው፤ የቀረው የወተት ስኳርና ቅባት ነው። አይሶሌት የሚባለው ይበልጥ የተጣራ ሲሆን ፕሮቲኑ 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ የወተት ስኳሩም እጅግ አነስተኛ ነው። ሃይድሮላይሴት የሚባል፣ ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረ ዓይነትም አለ፤ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ጣዕሙ መራራ ነው፤ ለእናንተ አያስፈልግም። ወተት ሆዳቸውን የሚነፋቸው ከሆነ ለአባባ አይሶሌት ይሁን። ልጅሽ ወተት እየጠጣ ምንም የማይሆን ከሆነ ኮንሰንትሬቱ ይበቃዋል፤ ለአይሶሌት ተጨማሪ ገንዘብ የምታወጪበት ምክንያት የለም። ወተት ሰውነቱን የሚያሳብጠው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው ካለ ግን ያ አለርጂ ነው፤ አይሶሌቱም ቢሆን በአጠገቡ አይለፍ።

በዕቃው ፊት ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር እርሺው። ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ። የአንድ ጊዜ መጠኑ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ ስንት እንደሆነ እይና አካፍዪ። 24 ለ30 ሲካፈል 80 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። 20 ለ40 ከሆነ ግማሹ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ የተቀላቀሉትን ነገሮች ዝርዝር ተመልከቺ፤ መጀመሪያ የሚጠቀሰው የአጓት ፕሮቲን መሆን አለበት። ግላይሲን ወይም ታውሪን በዝርዝሩ ውስጥ ካየሽ ተጠራጠሪ። የተለመደው የፕሮቲን ምርመራ የሚለካው ፕሮቲኑን ራሱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ስለሆነ አንዳንድ አምራቾች ርካሽ አሚኖ አሲድ እየጨመሩ ቁጥሩን ያሳብጡታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና የሕፃናት ወተት ላይ ሜላሚን የተባለ ናይትሮጅን የበዛበት የፋብሪካ ኬሚካል የጨመሩት ሰዎች የተጠቀሙት ይህንኑ ቀዳዳ ነበር፤ ሕፃናት ሞተውበታል። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እዚህ አሜሪካ ያለው ሁሉ በመንግሥት ተመርምሮ የወጣ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ አያጸድቃቸውም። ስለዚህ እኔ የምገዛው ገለልተኛ መርማሪ ማኅተሙን ያኖረበትን ብቻ ነው፤ ኤንኤስኤፍ ለስፖርት የሚሰጠው ማረጋገጫ ወይም ኢንፎርምድ ስፖርት የሚል ምልክት ያለበትን። አዲስ አበባ ከተገኘም ማሸጊያው ያልተነካ፣ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። በላስቲክ ከረጢት እየተመዘነ የሚሸጥ ካለ ግን ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ጾሙን አልረሳሁም። ዱቄቱ የወተት ነውና በጾም አይሆንም፤ አባባም ረቡዕና ዓርብን እንኳ እንደማያፈርሱ አውቃለሁ። ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ የሚነግሯቸው የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ አንቺ አትከራከሪያቸው፣ አባ ቤት መጥተው ራሳቸው ያነጋግሯቸው። እጾማለሁ ካሉ ከአተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት አለ። ሊውሲኑ ከአጓቱ ስለሚያንስ መጠኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ወተት አለመኖሩንም አረጋግጪ። ከዕፅዋት የሚሠሩት ላይ ማኅተሙ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው ለሸማቾች ዕቃ የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 በ23 ምርቶች ላይ ባደረገው ምርመራ ከዕፅዋት የተሠሩት ውስጥ የተገኘው እርሳስ ከወተት ከተሠሩት እጅግ የበለጠ ነበር። እኔን ብትጠይቂኝ በጾም ወራት ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ ጠዋትም ማታም እንዲያገኙ ማድረጉ ይሻላል።

ለልጅሽ ደግሞ እንዲህ በዪው። ክብደት ለሚያነሳ ጤነኛ ወጣት በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል፤ 70 ኪሎ ከሆነ በቀን 112 ግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለው ተጨማሪ ጡንቻ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በቤትሽ ምግብ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት ቢጨምር ይሞላለታል። ስፖርቱን እንደ ጨረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ካልጠጣው ድካሙ ከንቱ እንደሚሆን ጓደኞቹ ነግረውት ይሆናል፤ የሚበልጠው የቀኑ ድምር ነው። “ማስ ጌይነር” የሚባለውን በትልቅ ባልዲ የሚሸጥ ነገር አልልክለትም፤ አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን የሚባል ከስታርች የሚሠራ ነገር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ስኳር ይሆናል። ለብቻው የሚሸጠውን አሚኖ አሲድም አይግዛ፤ ዱቄቱ ውስጥ አለና። ማታ ማታ እንቅልፉን ይተኛ።

ለአባባ ግን ከመላኬ በፊት የምጠይቅሽ አለ። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ ኩላሊታቸው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ፕሮቲን መጨመር አልደፍርም። ጤነኛ ኩላሊት ይህን መጠን አይፈራም፤ የተጎዳ ኩላሊት ያለው ሰው ግን ሐኪሙ ፕሮቲኑን እንዲያውም ሊቀንስለት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይዘሻቸው ሂጂና የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የክሬቲኒን የደም ምርመራ ይታዩ፤ ሽንታቸውም ፕሮቲን ያፈስስ እንደሆነ ይመርመር። ለሐኪሙ “በቀን አንድ ጊዜ 24 ግራም ፕሮቲን ልንጨምር ነው” ብለሽ በግልጽ ንገሪው፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም አሳዪው፤ ከወተት ነገር ጋር አብረው የማይወሰዱ አንቲባዮቲኮች አሉ።

የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ክብደታቸውንም ጻፊልኝ፤ ወተት ሆዳቸውን ይነፋቸው እንደሆነም ጠይቂያቸው። ከሰፈራችን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሻንጣው ላይ ለሁለት ዕቃ የሚሆን ቦታ ይዤበታለሁ። አንዱ ጣዕም የሌለው የአባባ ነው፤ ሌላው የልጅሽ፣ እሱ የፈለገውን ጣዕም ይምረጥ። መልስሽን ቶሎ ላኪው፤ እናቴም “አባባን በእኔ ስም ሳሚልኝ” ብላሻለች።

ሁልጊዜ የምታስብሽ ወዳጅሽ