ቤትሽን ሳትለቂ ነይ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። አማችሽ ጉልበትሽን ይስማል።

በየቀኑ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን ያደርጋል እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ ግን ወደ ናሽቪል፣ ቴነሲ ስለ መዛወራችን ሳነሳ «ይሁን፣ ብቻ እናንተን ይመቻችሁ» ትዪና ወሬ ትቀይሪያለሽ። እኔንም እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው። ፊደሉን ትልቅ አድርጌልሻለሁ።

ወንድሜ ባለፈው ደውሎ «እማዬ ቤቷን አስረክባ አንቺ ጋ ጠቅልላ ልትመጣ እያሰበች ነው» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። እማዬ፣ እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ቤትሽን እንድትለቂ ግን አልፈልግም። ሁለቱም ከልቤ ነው። ይህንን ሳላስረዳሽ ሻንጣሽን እንዳታዘጋጂ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን ልንገርሽ። ልጆቹን ከእጅሽ የወሰድኩብሽ እንዳይመስልሽ። አንቺ ባለሽበት፣ ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበረን አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዓይንሽ ያየሽው ነው። እኔ የሌሊት ሺፍት ገብቼ ጠዋት ስመለስ አማችሽ ኡበር ነድቶ ገና መግባቱ ነው። በር ላይ ተገናኝተን ቁልፍ እንቀባበላለን። አንዳችን ስንተኛ አንዳችን ልጆች እናደርሳለን። ከሥራ የተረፈውን ሰዓት ቤልትዌይ፣ ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ ቆመን እናሳልፋለን። ኪራዩ ደግሞ ውል ባደስን ቁጥር ይጨምራል። ከደሞዛችን ግማሽ የሚጠጋው ለዚያች ለሁለት መኝታ ቤት ነበር የሚሄደው። ቤት እንግዛ ብለን ስንዞር የምንችለው ቤት ሁሉ ከሥራችን አንድ ሰዓት ተኩል የሚርቅ ሆነ። ያን ያህል ከራቅንማ አንቺንም በሳምንት አንዴ ማየት አይቻልም ነበር። እያንዳንዱን ማታ ልጆቹን አንቺ ስታበያቸው፣ በዚያ በታመመ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወርጂ ስትወጪ አያለሁ። ይህም ያሳስበኝ ነበር። በእርጅናሽ ዘመን የምታርፊበትን ጊዜ ነበር የምንወስድብሽ።

ናሽቪልን የመረጥነው በሥራ ነው። ከተማው በሙዚቃ ቢታወቅም ብዙ ሰው የሚያስተዳድረው ሕክምና ነው። ኤችሲኤ የሚባለው የአገሪቱ ትልቅ የሆስፒታሎች ኩባንያ በ1968 የተመሠረተው እዚሁ ነው። ቫንደርቢልትን የሚያህል ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም አለ። ለነርስ ሥራ አይጠፋም። እኔም የቀን ሺፍት አገኘሁ። ለአማችሽ ደግሞ ሦስት ትልልቅ አውራ ጎዳናዎች፣ 40፣ 65 እና 24፣ የሚገናኙበት ከተማ ነው። የጭነት መኪና ሥራ እንደ ልብ ነው። ሌሎቹ ካሊፎርኒያ ድረስ እየነዱ ሳምንታት ሲጠፉ እሱ እዚሁ ዙሪያ የሚመላለስ ሥራ ይዞ ማታ ቤቱ ይገባል። እማዬ፣ አራታችንም አንድ ማዕድ ላይ እንቀመጣለን። ከትንሹ መወለድ ጀምሮ ያላየሁት ነገር ነው። ልጆቹ አሁን ማታ ማታ ረጋ ብለው የሚደውሉልሽም ለዚህ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ሰው የሚያወራውን ሁሉ እንዳታምኚ። ቴነሲ ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጥም፤ ይህ እውነት ነው። ግን የሚሸጥ ነገር ላይ ይጭናል። ናሽቪል ውስጥ አሁን 9.75 በመቶ ነው። ሜሪላንድ የማይቀረጠው ሽንኩርትና ዱቄት እዚህ ይቀረጣል፤ ምግብ ላይ ትንሽ ዝቅ ቢልም። ቤትም ቢሆን ሰው ሁሉ እየጎረፈ ስለመጣ እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ሆኖም ሂሳባችን ይገጥማል። ወር ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቅብናል ብዬ መጨነቅ ትቻለሁ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

አንቺ እዚያ በእግርሽ ትኖሪያለሽ። ጠዋት ነጠላሽን አጣፍተሽ ትወጫለሽ። ፌንተን ስትሪት ላይ እንጀራ ትገዣለሽ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከአንዷ ጋር ቆመሽ ታወሪያለሽ። መድኃኒት ቤቱም፣ ሱቁም፣ አውቶቡሱ ላይም አማርኛ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን የሚወስድሽ ሞልቷል። ፎቅሽ ላይ ያሉት እናቶች ቡና ሲያፈሉ ይጠሩሻል። በወር በወር የልደታ ማኅበርሽ አለ። እማዬ፣ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እኔ እዚያ እያለሁ ለሥራ ስሮጥ አላስተዋልኩትም እንጂ አዲስ አበባ ውስጥም ስንት አሮጊት እንዲህ ያለ ጎረቤት አጥታ ብቻዋን ትውላለች።

እዚህ እንደዚያ አይደለም። የኛ ሰፈር አንቲዮክ ነው፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ። ብዙው መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም። ከቤት ወጥተሽ ሣር ላይ ትሄጃለሽ፣ ከዚያ መኪና የሚፈስበት ትልቁ ጎዳና ይመጣል። እዚያ ብቻሽን እንድትሻገሪ አልፈቅድልሽም። ሕዝቡም ችግሩን ያውቀዋል። በኖቬምበር 2024 ድምፅ ሰጥተው ለአውቶቡስና ለእግረኛ መንገድ ታክስ ጨምረዋል፤ 86 ማይል የእግረኛ መንገድ ሊሠሩና ሊያድሱ ነው። እስኪሠራ ግን ዓመታት ይፈጃል። እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ አንቺ እስክንመለስ ቤት ውስጥ ነሽ። ይህንን ደብቄ ነይ ብልሽ በኋላ ራሴን ይቅር አልለውም።

ሐበሻ ግን አለ። ብዙ አለ። እንደ ዲሲ በየማዕዘኑ አይታይም እንጂ መርፍሪስቦሮ ፓይክ ላይ ስትነጂ የኛ ሱቅና ምግብ ቤት ታገኛለሽ። ቅዳሴ አለ። እሁድ እሁድ ልጆቹ ፊደል ይማራሉ። ትልቋ እስከ «ቀ» ደርሳለች፤ ስትመጪ አንቺን ልታስተምርሽ ነው የምትጠብቀው። ምእመኑ ከዲሲው ያነሰ ስለሆነ አዲስ የመጣ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ገና በመጣን ሰሞን እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስቀር ስልክ ቁጥሬን ከካህኑ ወስደው ሾርባ ይዘው የመጡ እናቶች አሉ። አንዷ ያንቺው የወሎ ልጅ ናት። ሰላም ብላሻለች።

እንጀራ እቤት እጋግራለሁ። ባለፈው በጋ እርሾውን ጥዬ ሥራ ሄድኩ፣ ማታ ስመለስ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ። የዚህ አገር በጋ ሙቀቱ እርጥብ ነው፣ ሊጥ አያቆይም። አሁን ማታ አቡክቼ ጠዋት ፍሪጅ አስገባዋለሁ።

ጎመን ደግሞ አታስቢ። ደቡቦቹ ኮላርድ የሚሉት ከኛ ጎመን ጋር ሲቀምሱት ወንድማማች ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በባህላቸው ለእሁድ ምሳ ይሠሩታል። ጎረቤታችን የአንቺ ዕድሜ ያላት ሴት ናት፣ ጓሮዋ ውስጥ ትተክላለች። የገባን ሰሞን በር አንኳኩታ ኬክ ሰጠችን። እኔም በሳምንቱ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሠርቼ ወሰድኩላት። አሁን ቅጠሉን ትቆርጥልኛለች፣ እኔ ሠርቼ እመልስላታለሁ። እንግሊዝኛሽ ባይበዛም ሁለታችሁ ትግባባላችሁ። እዚህ ሰው ሳያውቅሽም ሰላም ይልሻል። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ይህ ነገራቸው ያንቺን አገር ነው የሚያስታውሰኝ።

«ደቡብ ጥቁር ይጠላሉ ይባላል» ብለሽኝ ነበር። እውነት ነው፣ ታሪኩ ከባድ ነው፤ አልቋል ብዬም አልዋሽሽም። ግን ያንኑ ታሪክ የታገሉትም እዚሁ ናቸው። ፌብሩዋሪ 13፣ 1960 የጥቁሮች ኮሌጅ ተማሪዎች መሃል ከተማ ወጥተው ለነጭ ብቻ በተከለለ የምሳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በኛ የካቲት 1952 መሆኑ ነው፤ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ፣ የታኅሣሡም ግርግር ገና አልሆነም። ተማሪዎቹ ተደበደቡ፣ ታሰሩ፤ መልሰው ለመምታት ግን እጃቸውን አላነሱም። ኤፕሪል 19 ጠዋት የጠበቃቸው ቤት በቦምብ ተመታ። በዚያው ቀን በሺዎች ሆነው ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ዳያን ናሽ የምትባል የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከንቲባውን ፊት ለፊት፣ ሰውን በቀለሙ መለየት ትክክል ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደለም አለ። በሜይ ወር ወንበሮቹ ለጥቁርም ተከፈቱ። ያ በ2020 ሲያርፍ አስከሬኑ ካፒቶል ውስጥ ተቀምጦ በቴሌቪዥን አብረን ያየነው የኮንግረስ አባሉ ጆን ልዊስ ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበር። ትልቋን መሃል ከተማው ላይብረሪ ወስጃት ፎቶዎቹን አሳየኋት። ያቺ ከንቲባውን የጠየቀችው ሴት ስንት ዓመቷ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ አንድ አልኳት። ይህንን ልጄ በዚህ ዕድሜዋ ማወቋ ደስ ይለኛል።

አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፣ እሱንም ልንገርሽ። አውሎ ነፋስ። በማርች 2020 ሌሊት መጥቶ ሰው ገድሏል፣ ሰፈር አፍርሷል። በጸደይ ነው በብዛት የሚመጣው። ሳይረን ሲጮህ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት እንገባለን፤ እዚያ ውኃ፣ ባትሪና የልጆቹን ጫማ አስቀምጫለሁ። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑን ይሞክሩታል። ያን ጊዜ ስትሰሚ እንዳትደነግጪ።

ስለ ቤትሽ አሁን በደንብ ስሚኝ። ያንን የሲኒየር፣ የአረጋውያን ቤት ለማግኘት ስንት ዓመት ወረፋ እንደጠበቅሽ ታስታውሻለሽ። አንዴ ካስረከብሽው ተመልሰሽ የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የምትሰለፊው። ሜዲኬርሽ፣ የአረጋውያኑ የጤና መድን፣ የፌዴራል ነው፣ የትም ይከተልሻል። ሜዲኬድሽ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው፣ ግን የሜሪላንድ ነው። ጠቅልለሽ ከመጣሽ ያ ይዘጋል፤ እዚህ ቴንኬር ለሚባለው የቴነሲ ሜዲኬድ እንደ አዲስ ማመልከት አለብሽ፣ ደንቡም የራሱ ነው። የስኳር ሐኪምሽ አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ የልብሽን ሁሉ ታወሪያታለሽ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ናፍቆት አትጣዪው። እኔ ነርስ ነኝ፤ አሮጊት እናት ከሐኪሟ ስትለይ ምን እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ።

እንዲህ እናድርግ። ጸደዩ ይለፍ፣ የበጋው ሙቀትም ይብረድ። ለመስቀል ማኅበርሽ ጋ ዋዪ፤ ያንቺ ተራ ዝክርም ይውጣልሽ። ከዚያ በጥቅምት ነይ። ያን ጊዜ እዚህ አየሩ ልክ እንደ ደሴ ነው። ለጥቂት ሳምንት ትቆያለሽ። ወንድሜ ከአሁኑ የአፓርታማሽ ቢሮ ሄዶ ስንት ቀን ከቤት መራቅ እንደሚፈቀድ ይጠይቅልሽ፣ ያንን አንለፍ። ከስድስት መቶ ማይል በላይ በመኪና አትደክሚም፤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ዊልቸር አዝልሻለሁ። ወንድሜ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ያደርስሻል፣ እኔ እዚህ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትሽን የሦስት ወር አስጽፊ፣ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው እንጂ ሻንጣ ውስጥ አታድርጊው።

አንቺ በምትመጪበት ጊዜ ፈቃዴን አወጣለሁ። ቤት ተዘግተሽ አትውዪም። በእኔ መኪና ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ ኖለንስቪል ፓይክ ላይ ኩርዶቹ ዳቦ የሚጋግሩበት ሱቅ እወስድሻለሁ፤ ያ ትኩስ ዳቦ ከሻይ ጋር እንደሚስማማሽ እርግጠኛ ነኝ። ካየሽው በኋላ ራስሽ ትወስኛለሽ። «እዚያው ይሻለኛል» ብትዪ አልቀየምሽም። በዓመት ሁለቴም ሦስቴም መመላለስ ይቻላል፤ እኛም ለገና እንመጣለን። «እዚሁ ልሁን» ካልሽ ደግሞ ያን ጊዜ ወረቀቱን አንድ በአንድ እንጨርሳለን፤ ቴንኬሩ ሳይፈቀድ፣ ሐኪም ሳይገኝልሽ ቁልፍሽን አታስረክቢም።

እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ ደውዪልኝ። የኛ ሰዓት ካንቺ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መሆኑን አትርሺ። የዝክርሽን ቀን ንገሪኝ፣ ትኬቱን ከዚያ በኋላ ነው የምቆርጠው። ወንድሜን ሰላም በይልኝ፣ የፎቅሽንም እናቶች አንድ በአንድ።

ልጅሽ