ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አዳማ፣ ለሕንፃ መሠረት የሚቆፈርበት ቦታ ቆሜ ነበር። ከአፈሩ ክምር ላይ አንድ ባልጩት አየሁ። ጥቁር ነው፣ እንደ መስታወት ያበራል። አንዱ ጠርዙ በተርታ ተፈልጦ እንደ ምላጭ ስሏል። የሰው እጅ የነካው ይመስላል፤ የሚያረጋግጠው ግን ባለሙያ ነው። ፎቶ አንስቼ ስመለስ ክምሩ ገልባጭ መኪና ላይ ተጭኖ ሄዷል። በጣም አንገበገበኝ።

ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ጋዴሞታ ላይ፣ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። ግን ኤክስካቫተር የሚነዳው ልጅ ይህን ከማን ይስማ? አዋጁ የወጣው ከላይ ነው፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ከተማው ነው። ቁፋሮው ሳይጀመር ባለቤቱን ፊት ለፊት የሚያገኘው እሱ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፈቃዱ ላይ ይህ ግዴታና የሚደወልበት ስልክ ይጻፍ። ብዙ ወጪ የለውም።

ደብዳቤው ተረቅቋል። ረቡዕ ከሥራ በኋላ ተገናኝተን እንፈርማለን፤ ሐሙስ ጠዋት ለማዘጋጃ ቤቱና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ እናስገባለን። ቀበሌ የምትሠሩ፣ እባካችሁ አትቅሩ።

እስከዚያ ባልጩት ካያችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን መለየት ይከብዳል። ፎቶ አንሱና ቦታውን ላኩልኝ።