ዊስኪውን ተወውና በረዶውን እይ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ቆየን፤ የመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ያነሳኸው ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤት የምትሠራው ኦልድ ፋሽንድ፣ ያ የዊስኪ ኮክቴል፣ ሲጀምሩት ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሲጨርሱት ደግሞ የስኳር አተላ ይሆናል አልክ። «የተሻለ ዊስኪ ልግዛ ወይ?» ብለህም ጠየቅኸኝ።

አትግዛ። የጎደለህ ውሃ ነው።

ይሄ የኔ ፈሊጥ አይደለም። በ1806 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሀድሰን ከተማ ይታተም የነበረ ጋዜጣ፣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ለጠየቀ አንባቢ ሲመልስ አራት ነገር ቆጠረ፤ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃ እና ቢተርስ የሚባለው በጠብታ የሚጨመር መራራ የቅመም ቅምር። ውሃው ስሙ ተጠርቶ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ገብቷል። ኦልድ ፋሽንድ ይህንኑ በዊስኪ መሥራት ነው፤ ዛሬ ውሃውን የሚያመጣልን በረዶው ስለሆነ ብቻ ማንም አይለካውም።

ልኬቱ ይኸውልህ፤ 60 ሚሊ ሊትር ዊስኪ፣ 5 ሚሊ ሊትር ወፍራም የስኳር ሽሮፕ፣ ሦስት ርግፍ ቢተርስ (ርግፍ ማለት ጠርሙሱን ዘቅዝቀህ አንዴ ስታራግፈው የሚወጣው ነው)፣ አንድ የብርቱካን ልጣጭ። በዓይን ግምት አትቅዳ። እንዲህ ባለ ትንሽ መጠጥ ላይ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ ሚዛኑን ይሰብረዋል።

አተላው የሚመጣው ስኳር በአልኮል ውስጥ እንደ ልብ ስለማይሟሟ ነው። የሚሟሟው በውሃ ነው። ደረቅ ስኳር ላይ ዊስኪ ብታፈስበት፣ ከዚያ ላይ በበረዶ ብታቀዘቅዘው፣ ቀኑን ሙሉ ብታማስለውም ሥር ሥሩን ይተኛል። ስለዚህ 200 ግራም ስኳር በ100 ግራም ውሃ ለስለስ ባለ እሳት ላይ አድርግና ጥርት እስኪል አማስል፤ እንዳይፈላ። ከፈላ ውሃው ይተንና ፍሪጅ ውስጥ ተመልሶ ይጠጥራል። ቡናማ ስኳር ካገኘህ እሱን ምረጥ፤ ዊስኪው ካረፈበት የእንጨት በርሜል ጣዕም ጋር ይስማማል። በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ይቆይልሃል፤ ከደፈረሰ ድፋው። በድፍን ስኳር ካልሠራሁ ካልክ ደግሞ አንዱን ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ አድርገህ ቢተርሱን አርግፍበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምርና የሚንኮሻኮሸው ድምፅ ጭራሽ እስኪጠፋ ጨፍልቀው። ዊስኪው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው።

ስለ ዊስኪው ብዙ አላስቸግርህም። ቦርቦን በአሜሪካ ሕግ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ የሚያርፍ ነው፤ የቫኒላና የካራሜል ሽታው ከዚያ ይመጣል። ራይ የሚባለው ዊስኪ ደግሞ ቅመም ቅመም ይላል፣ ጣፋጩን ይቆርጠዋል፤ ለኔ ይሄኛው ይበልጣል። ጠርሙሱ ላይ ከ45 እስከ 50 በመቶ አልኮል የተጻፈበት ቢሆን መልካም ነው፤ 40 በመቶ ከሆነ ግን ቶሎ ይሳሳልና የማማሰያውን ጊዜ አሳጥር። ጭስ ጭስ የሚለውን ስኮች፣ የስኮትላንዱን ዊስኪ፣ ለብቻው ጠጣው።

ቢተርስ ስልህ አንጎስቱራ ማለቴ ነው፤ ዶክተር ዮሐን ዚገርት በ1824 በቬንዙዌላ የቀመረው፣ ዛሬ በትሪኒዳድ የሚሠራው። ጠርሙሱ አንድ አመል አለው። ሙሉ ሲሆን ይቆነቁናል፣ ሲጎድል ይለግሳል። ስለዚህ ርግፉን በጭፍን አትቁጠር፤ ሦስቱ ተደምሮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ እይ።

አሁን ወደ ውሃው። በረዶ መጠጥ የሚያቀዘቅዘው በመቅለጡ ነው። ሲቀልጥ ሙቀቱን ከመጠጡ ይስባል፣ ውሃውን ለመጠጡ ይሰጣል። አንዱን ወስደህ አንዱን መተው የለም። ለዊስኪ ማቀዝቀዣ ብለው የሚሸጧቸው ድንጋዮች ለዚህ መጠጥ ከንቱ የሆኑትም ለዚህ ነው። ሌላ ትልቅ ብርጭቆ ውሰድና ዊስኪውን፣ ሽሮፑንና ቢተርሱን ጨምር፤ ሁለት ሦስተኛውን በበረዶ ሙላና እጀታው ረዘም ባለ ማንኪያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አማስል። የገባው 67 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር፤ አጥልለህ ስትለካው ከ82 እስከ 87 መድረስ አለበት። 45 በመቶ የነበረው ዊስኪ ያኔ ወደ 33 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ማቃጠሉም ይበርዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ በመለኪያ ካረጋገጥክ በኋላ ምላስህ ያውቀዋል።

ከፍሪዘር ወጥቶ የቆየ፣ ላዩ ውሃ ያዘለ በረዶ ሳያቀዘቅዝ ያቀጥናል። ደቃቃ በረዶም እንዲሁ፤ ገላው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይቀልጣል። ገና ከፍሪዘር የወጣ ደረቅ በረዶ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ አሥር ሰከንድ ያህል ጨምርለት። ዘግተህ አትነቅንቀው፤ መነቅነቅ አየርና የበረዶ ስባሪ አስገብቶ ያደፈርሰዋል። እሱ ሎሚ ለሚገባበት ለዊስኪ ሳወር ነው። ክፍት የተቀመጠ በረዶ የፍሪዘሩን ሽታ ሁሉ ስለሚጠጣ ክዳን ይኑረው።

የምታቀርብበት ብርጭቆ አጭርና ወፍራም ይሁን፤ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚያህል አንድ ትልቅ በረዶ ብቻ አስቀምጥበት። እንደ መስታወት የጠራ እንዲሆን ከፈለግህ ሙቀት የማያስገባ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን በውሃ ሙላና ሳትከድን ፍሪዘር ውስጥ ክተተው። ውሃው ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሚረጋ አየሩንና ቆሻሻውን ወደ ሥር ይገፋል። አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ሥሩ ሳይረጋ አውጣና ጥሩውን ክፍል በመጋዝ ቢላ ከፋፍል። በተራው መያዣ የሚረጋው መሐሉ የሚነጣው ከየአቅጣጫው ረግቶ አየሩን ስለሚያፍን ነው፤ ውሃውን ማፍላት ብዙም አያድነውም። ትልቁን በረዶ ከፍሪዘር እንዳወጣህ መጠጥ ካፈሰስክበት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለው አመዳይ እስኪጠፋ ታገሰው፣ ያቆረውን ውሃ አራግፍና ከዚያ ቅዳበት።

ልጣጩ መጨረሻ ላይ ነው። ብርቱካኑን በሙቅ ውሃ እጠብ፤ ብዙ ጊዜ ሰም ይቀባል። በመላጫ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ አንሣ፤ ነጩ ሥጋ መራራ ስለሆነ በስሱ። የውጭ ገጹን ወደ መጠጡ አዙረህ በሁለት እጅህ ጨመቅ አድርገው። ብርሃን ካለ ዘይቱ እንደ ጉም ሲበን ታየዋለህ። ጠርዙን አሽተህበት ጣለው። ብርቱካን ቆርጠው ከቼሪ ጋር ብርጭቆው ውስጥ የሚጨፈልቁም አሉ፤ ጭማቂው ያደፈርሰዋልና አንተ ተወው።

ለስምንት ሰው ስትሠራ ማማሰልም አያስፈልግህ፤ 480 ሚሊ ሊትር ዊስኪ፣ 40 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ 16 ሚሊ ሊትር ቢተርስና 130 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠርሙስ ቀላቅለህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድር። ስታቀርብ በትልቁ በረዶ ላይ መቅዳት ብቻ ነው። ልጣጩን ግን ለየብርጭቆው በዚያው ሰዓት ጭመቅ።

ስትጽፍልኝ ዊስኪህ ስንት በመቶ እንደሆነና አማስለህ ስትለካው ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ንገረኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ